ሰደፉን ቀየርነው፤ ልባችንንስ?

 

 

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ ጠመንጃ ነው። «በቤተሰብ መጽሔት ላይ የጠመንጃ ወሬ ምን ይሠራል?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን እኛ በተወለድንበት በላስታ ደጋ ጠመንጃ ከቤት ዕቃ አንዱ ነው፤ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ከምጣዱና ከሙቀጫው ጋር አብሮ ይኖራል። ሕፃን ድክ ድክ ማለት ሲጀምር ያየዋል፤ አፉን ሲፈታም ስሙን ይጠራል። ቤት ውስጥ ስላለ ነገር በቤተሰብ መጽሔት መነጋገር ነውር አይደለም። አለመነጋገሩ ምን እንደሚያስከትል ግን በገዛ ቤታችን አይተነዋል።

የአያታችን ጠመንጃ

ያደግነው ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ ነው። አገሩ ብርድ ነው፤ ገብስና ባቄላ ያበቅላል። አብዛኛው ጎረቤታችን ክርስቲያን ነው። እኛ ሙስሊሞቹ በቁጥር ጥቂት ብንሆንም እርዱ ካልሆነ በቀር የሚለየን ነገር አልነበረም፤ ለቅሶው የጋራ፣ ደቦው የጋራ፣ የቅዳሜ ገበያውም የጋራ ነው።

አያታችን አንዲት ትንሽ ጠመንጃ ነበረቻቸው። አጎታችን በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ሠርቶ ሲመለስ ያመጣላቸው ናት። «ሃያ ሁለት» ይሏታል። ስሟ የመጣው ከአፈሙዟ ስፋት ነው፤ የኢንች መቶኛው ሃያ ሁለት፣ በእኛ መለኪያ 5.6 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። የዚህ ዓይነቱ ጥይት ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ። በትልልቆቹ ጥይቶች ባሩዱን የሚለኩሰው ነገር ከቀለሃው ቂጥ መካከል ሲሆን፣ በዚህኛው ግን በቀለሃው ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ተቀብሯል፤ መቺው ብረት ጠርዙን ሲመታው ይተኩሳል። ሐሳቡን በ1845 እ.ኤ.አ. ያመነጨው ፍሎቤር የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው ረጅሙ ሃያ ሁለት ደግሞ በ1887 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ወጣ። ጠርዙ ተመቶ እንዲፈነዳ ቀለሃው ስስ መሆን አለበት፤ ስስ በመሆኑም ብዙ ኃይል አይሸከምም። ለዚህ ነው ድምፁ አነስተኛ፣ ትከሻ ላይ የሚመልሰውም ግፊት ቀላል የሆነው።

ግን ማንም በትንሽነቱ አይታለል! ሁለት ግራም ተኩል ያህል የምትመዝነው ያቺ እርሳስ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ትበራለች፤ ሰውም ትገድላለች።

አያታችን በዚህች ጠመንጃ ቆቅ ያድኑ ነበር፤ ቢስሚላህ ብለው ይተኩሳሉ፣ ደርሰው ያርዳሉ። የገብሱን እሸት የሚያወድመውን ጭላዳ በድምፅ ያባርራሉ እንጂ አይመቱትም። «የማትበላውን አትምታ» ይሉን ነበር። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነፍስ ያለውን ነገር ለዒላማ መለማመጃ ማድረግን አጥብቀው መከልከላቸውን ከኪታብ ሳይሆን መጀመሪያ ከአያታችን አፍ ነው የሰማነው።

የጠመንጃዋ ሰደፍ እንጨት ነበር። እኛ ነፍስ ካወቅን ጀምሮ አንገቱ ላይ ስንጥቅ ነበረው፤ አያታችን በእርጥብ የበሬ ጠፍር ጠፍንገው አድርቀውታል። ጠፍሩ ሲደርቅ ከብረት ይጠነክራል። ሲያዩት አያምርም፤ ነገር ግን ይሠራል።

ጠመንጃና ክብር በአገራችን

ወጣቱ በጠመንጃ መልክ ለምን እንደሚማረክ ለማወቅ ጥቂት ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የአገራችን ሰው የጠመንጃን ስም ከፈረንጅ ፋብሪካ ተቀብሎ በራሱ አፍ አለስልሶታል። ስናይደር ስናድር፣ ፉዚል ግራ ውጅግራ፣ ማንሊከር ምንሽር፣ አልቢኒ አልቤን ሆነዋል። እያንዳንዱ ስም አንድ ዘመን ነው።

ላስታም በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ቁስል አለባት። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ድረስ የመጡት ስናድር ታጥቀው ነበር። ሲመለሱ መንገድ ለከፈቱላቸው ለትግራዩ ካሳ ምርጫ መድፍና ጠመንጃ ሰጡ። በዚያን ጊዜ የእኛው አገር ሰው ዋግሹም ጎበዜ «አፄ ተክለ ጊዮርጊስ» ተብለው ነግሠው ነበር። በ1863 ዓ.ም. ሁለቱ ዓድዋ አጠገብ ሲገናኙ የላስታው ንጉሥ ጦር በቁጥር እጅግ ቢበልጥም ድል የሆነው በመሣሪያ ለበለጠው ለካሳ ነው፤ እርሳቸውም አፄ ዮሐንስ ተባሉ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ በዚህ ደጋ «መሣሪያ የሌለው ሰው ሰው አይደለም» የሚል ትምህርት ከአባት ወደ ልጅ ቢተላለፍ ምን ያስገርማል? በሠርግ ላይ ይፎከርበታል፤ በለቅሶ ላይ ይተኮሳል። ጎረምሳ ሲያድግ ሚስትና ጠመንጃ አንድ ላይ ይመኛል።

በዚህ ዘመን የተጨመረው ነገር ቢኖር ስልኩ ነው። ድሮ ልጅ የሚያየው የአባቱን ጠመንጃ ብቻ ነበር፤ አሁን ግን በእጁ መዳፍ ላይ የዓለምን ጠመንጃ ሁሉ ያያል።

ከባሕር ማዶ የመጣው ፎቶግራፍ

በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ አሜሪካ የሚኖረው የአጎታችን ልጅ ለቤተሰቡ አንድ ፎቶግራፍ ላከ። እርሱም ሃያ ሁለት አለው፤ ሩገር የሚባል ፋብሪካ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያመርተው፣ አሥር ጥይት የሚጎርስና ቃታ በተሳበ ቁጥር አንድ አንድ እየተፋ ራሱን የሚያጎርስ ጠመንጃ ነው። በዚያ አገር ይህ ጠመንጃ እጅግ የተስፋፋ በመሆኑ ሌሎች ድርጅቶች ለእርሱ የሚሆን ሰደፍ እየሠሩ ይሸጣሉ። የአጎታችን ልጅም የእንጨቱን ሰደፍ አውጥቶ ጥቁር ፕላስቲክ ገጥሞበታል፤ እንደ ሽጉጥ የሚጨበጥ እጀታ፣ እንደ ወታደር መሣሪያ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተት የትከሻ ድጋፍ አለው። በፎቶግራፉ ላይ ያየነው የቆቅ ጠመንጃ ሳይሆን በሲኒማ የምናየው የኮማንዶ መሣሪያ ነበር።

ደውለን ጠየቅነው። «አብሽሩ፣ ምንም አይደለም» አለንና አስረዳን። መጀመሪያ ካዝናውን ማውጣት፤ ቀጥሎ ማጉረሻውን ከፍቶ ጥይት አለመኖሩን አንዴ በዓይን፣ አንዴ በጣት ማረጋገጥ። ከዚያ በርሜሉን ከእንጨቱ ጋር የያዘውን ቀለበት አላልቶ ማውጣት፣ ከሥር ያለውን ዋናውን ብሎን መፍታት፣ የደኅንነት ቁልፉን መሐል ላይ አቁሞ ብረቱን ከእንጨቱ ወደላይ ማንሳት። አዲሱ ሰደፍ ለዚያው ጠመንጃ ልክ የተሠራ ስለሆነ መጋዝም ሞረድም አያስፈልገውም፤ ብረቱ ቦታው ላይ ይቀመጣል፣ ብሎኑ ይጠብቃል፣ አለቀ። «ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም፤ ከዚያ በኋላ ግን ተኩስ ሜዳ ሄጄ ማነጣጠሪያውን እንደገና አስተካከልኩ፤ ሰደፍ ሲለወጥ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይዛነፋልና» አለን።

ፍርድ እንዳናዛባ አንድ ነገር መናገር አለብን። ይህ ሥራ ጥቅም የለውም አይባልም። የሰው ክንድ አንድ ዓይነት አይደለም። የሚንሸራተተው ድጋፍ ለረጅሙም ለአጭሩም ልክ ይሆናል፤ እርሱም አጭር ስለሆነ ተመችቶታል። ፕላስቲክ በዝናብ አያብጥም፣ በፀሐይ አይሰነጠቅም። ይሁንና ኃይሉ ያው ነው፤ ጥይቷም ያችው ሁለት ግራም ተኩል እርሳስ ናት። የተለወጠው የትከሻው ምቾትና የተመልካቹ ዓይን ብቻ ነው። ደግሞም በአሜሪካ አንዳንድ ክፍላተ ሀገር እንዲህ ዓይነቱን እጀታና ድጋፍ መግጠም ብቻውን ጠመንጃውን ከተከለከሉት ተርታ ሊያስገባው ስለሚችል፣ የአጎታችን ልጅ ሕጉን ጠይቆ ነው የሠራው።

ታናሽ ወንድማችን ያን ጊዜ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚህ ሁሉ ማብራሪያ አንዱም ጆሮው አልገባም፤ ዓይኑ ፎቶግራፉ ላይ ቀርቶ ነበር።

የእኛ ጥፋት

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ እኛ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ የአባባ ጠመንጃ ሰደፉ ተሰንጥቋል፤ ላሠራላቸው ነው፤ ገንዘብ ስጠኝ» አለን። ሐሳቡ ገብቶናል። በጠፍር የታሰረው ሰደፍ እንደሚያሳፍረው፣ ጓደኞቹም «የሽማግሌ ምርኩዝ» እያሉ እንደሚያሾፉበት እናውቅ ነበር። እኛ በመድረሳም በመንግሥት ትምህርት ቤትም የተማርን፣ የሰው ልጆችን የምናስተምር ሰዎች፣ ቁጭ ብለን ልናነጋግረው ሲገባን ሳቅን። «እስቲ ይውጣለት» ብለን 500 ብር ሰጠነው። አያታችንንም አልጠየቅናቸውም። ይህን ዛሬም ስናስታውስ ያሳፍረናል።

ጠመንጃዋን ከምሰሶው አውርዶ አንድ ብየዳ ቤት ወሰዳት። ለዚያች ጠመንጃ ተብሎ የተሠራ ሰደፍ ስላልነበረ በፎቶግራፉ አስመስለው ሠሩለት። የእንጨቱን ሰደፍ ከአንገቱ በመጋዝ ቆረጡት፤ ከኋላ የብረት ቱቦ በየዱ፤ ከሥር እጀታ ገጠሙ፤ ሁሉንም ጥቁር ቀለም ነፉት። ሲጨርሱ ከሩቅ ለሚያያት ሰው ክላሽ ትመስላለች። አያታችን ሲያዩዋት ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «አንተ ልጅ፣ የቆቅ ጠመንጃዬን የት አደረስካት?» ብለው ብቻ ጠየቁት።

ከውጭ ያላየነው ከውስጥ ነበር። የአጎታችን ልጅ ሰደፍ ልክ የተለካ ነው፤ ይህኛው ግን በግምት ነው። የተበየደው ብረት የቃታውን ክፍል ከጎን ይገፋው ኖሯል፤ የደኅንነት ቁልፉም ተዘጋ ሲባል በደንብ አይዘጋም። ይህን ማንም አልመረመረም። ከሰደፉ ጋር የተጋባው ብረት ምን እንደሚሆን ከማወቅ ይልቅ ምን እንደሚመስል ማየት ቀለለን።

በታኅሣሥ ወር፣ የገብስ መውቂያ ሰሞን፣ በአካባቢው ከብት ተሰርቆ ስለነበር የቀበሌው ሰዎች ተራ ገብተው ሌሊት ይጠብቁ ነበር። አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ወንድማችን አውድማ ሊጠብቅ ጠመንጃዋን አንግቶ ወጣ። ለጠባቂዎቹ አልነገራቸውም። ዓይን ለመያዝ በሚያስቸግር ጨለማ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ «ቁም!» የሚል ድምፅ መጣበት። ልጅ ነውና ደነገጠ፤ ለመሸሽ ሲዞር ማንገቻው ከትከሻው ተንሸራተተና ጠመንጃዋ ከነቱቦዋ ድንጋይ ላይ ወደቀች። ማንም ቃታ ሳይስባት ተኮሰች!

ጠባቂዎቹ አራት ነበሩ። የተኩስ ድምፅ ሰሙ፤ በጨለማው ውስጥ የክላሽ ቅርጽ አይተዋል። ምን ማድረግ ይገባቸው ነበር? ሦስቱ መሬት ላይ ተኝተው አነጣጠሩ። አራተኛው፣ የእኛ ቤት በር ከእርሳቸው በር ፊት ለፊት የሆነ፣ የአያታችን የዕድሜ ልክ ጎረቤት የሆኑ ክርስቲያን ገበሬ፣ «ቆዩ! ቆዩ! ድምፁን አውቀዋለሁ!» ብለው ጮኹ። ልጁ ወድቆ «ያ አላህ! ያ አላህ!» እያለ ነበርና በድምፁ ለዩት።

ጥይቷ ማንንም አልነካችም፤ አልሐምዱ ሊላህ። ነገር ግን ውድ አንባብያን፣ እኛ በዚያች ሌሊት አንድ ጎረቤት ባይኖር ኖሮ በ500 ብር የወንድማችንን ከፈን ገዝተን ነበር።

በበነጋው አያታችን ልጁንና እኛን አስከትለው ከአራቱም ሰዎች ቤት ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ። «ልጁን ብቻ ሳይሆን ገንዘብ የሰጠውንም ይዤ ነው የመጣሁ» ሲሉ አንገታችንን ደፋን። ጎረቤታችን ወንድማችንን አስነስተው ሳሙትና፣ «ከሩቅ ያየሁት ክላሽ ነው፣ ቀርቤ ያየሁት የጓደኛዬን የልጅ ልጅ ነው፤ መካከሉ ይቺን ያህል ናት» ብለው የጣታቸውን ጫፍ አሳዩት። ልጁ አለቀሰ፤ እኛም አልቀረንም።

ይህ በእኛ ገጠር ብቻ የሚደርስ አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ታሚር ራይስ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ መናፈሻ ውስጥ በመጫወቻ ሽጉጥ ሲጫወት ፖሊስ ተኩሶ ገድሎታል። ሽጉጡ መጫወቻነቱን የሚያሳውቅ ብርቱካናማ ምልክት ከጫፉ ላይ አልነበረውም፤ ቁርጥ እውነተኛ ይመስል ነበር። የሚተኩሰው ፕላስቲክ እንክብል ነው፤ መልኩ ግን ሕይወቱን አስከፈለው።

ዲናችን ምን ይላል?

መሣሪያን ማሳመር በራሱ ሐራም ነው ለማለት አይደለም። የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰይፍ የእጀታው ጫፍ ከብር እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ነገር ግን በቡኻሪ ዘገባ ሶሐባው አቡ ኡማማ (ረ.ዐ.)፣ እነዚያን ድሎች ያስገኙ ሰዎች የሰይፋቸው ጌጥ ወርቅና ብር እንዳልነበረ፣ የግመል ጅማት፣ እርሳስና ብረት እንደነበረ ነግረውናል። ይህን ሐዲስ በመድረሳ ስንማር አልፈነው ነበር፤ ከዚያች ሌሊት በኋላ ግን የአያታችን የበሬ ጠፍር ትዝ አለን። እኛ ያፈርንበት ነገር የደጋጎቹ ጌጥ ቢጤ ነበር።

ይልቅ ሸሪዓችን አጥብቆ የያዘው የመሣሪያውን ጌጥ ሳይሆን የያዡን አደብ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማንም ሰው በወንድሙ ላይ መሣሪያ እንዳያቀና ከልክለዋል፤ ምክንያቱንም ሲያስረዱ ሸይጣን ከእጁ ላይ ሊያስመልጠውና ሰውየው በዚያው ሰበብ እሳት ሊወድቅ እንደሚችል ነግረውናል። ቀልድ ቢሆን፣ ሰውየው የእናትና የአባት ልጅ እንኳ ቢሆን፣ ብረት ያቀናበትን መላእክት ይረግሙታል። ቀስት ይዞ በመስጊድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ማንንም እንዳይወጋ ጫፉን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። ሰይፍ ከሰገባው እንደተመዘዘ ከእጅ ወደ እጅ እንዳይቀባበል ከልክለዋል። አንድ ጊዜ ሶሐቦች የተኛ ጓደኛቸውን ለቀልድ ባስደነገጡት ጊዜ፣ ሙስሊም ሙስሊምን ማስደንገጥ እንደማይፈቀድለት አስተምረዋል። የጎረቤት ሐቅ ደግሞ ሃይማኖት አይለይም፤ ጎረቤቱ ከክፋቱ ሰላም የማያገኝ ሰው እምነቱ ምን እንደሚሆን የምናውቀው ነው።

እነዚህን ትእዛዞች አንድ ላይ አድርገን ብናያቸው የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ የመሣሪያ አደጋ ከክፉ ሐሳብ ብቻ አይመጣም፤ ከቸልተኝነትም፣ ከቀልድም፣ ከመታየት ፍቅርም ይመጣል። ወንድማችን ማንንም ሊገድል አልፈለገም፤ የፈለገው መታየት ነበር። ሸይጣንም የሚፈልገው ቀዳዳ ከዚህ የሰፋ አይደለም።

እንግዲህ ወጣቶቻችን ልባቸውን ይጠይቁ። ሰደፉን የምለውጠው ክንዴ ስላልደረሰ ነው ወይስ ሰው እንዲፈራኝ? መልሱ ሁለተኛው ከሆነ ችግሩ ትከሻ ላይ ሳይሆን ከትከሻው በታች፣ በስተግራ በኩል ነው፤ እርሱን ደግሞ ብየዳ ቤት አያድነውም።

ሸሁ አናጢ

አያታችን ጠመንጃዋን ላሊበላ ከተማ ወደሚኖሩ ሸህ አናጢ ወሰዷት። ወንድማችን ለአሥር ቀን ከጎናቸው ተቀምጦ እንዲያይና እንዲያግዝ አዘዙት፤ ቅጣቱ ይኸው ነበር።

ሸሁ መጀመሪያ የተበየደውን ሁሉ አስወግደው ብረቱን ለብቻው አወጡ። ከዚያ የደረቀ የዋንዛ ጣውላ መረጡ። የእንጨቱ ክር በሰደፉ አንገት ላይ ወደ ርዝመቱ እንዲሄድ አዙረው ለኩት። «የድሮው የተሰነጠቀው ክሩ አንገቱን አቋርጦ ስለሄደ ነው፤ እንጨትም እንደ ሰው በጠባዩ ካልያዝከው ይሰበራል» አሉት። በመጋዝ አወጡ፣ በመላጊያ አስተካከሉ፣ የብረቱን መቀመጫ በመሮ ፈለፈሉ። ከዚያ የኩራዝ ጥላሸት ብረቱ ላይ ቀቡና እንጨቱ ውስጥ አስቀመጡት፤ ሲያነሱት እንጨቱ የጠቆረበት ቦታ ብረቱ የሚነካው ነው፤ እርሱን ብቻ ጥቂት ፋቅ ያደርጉና ይደግሙታል። ይህን ስንት ጊዜ እንደደጋገሙት ወንድማችን ቁጥሩ ጠፍቶበታል። በዚህ ሁሉ ቃታው ምንም ሳይነካው መንቀሳቀሱንና የደኅንነት ቁልፉ ጥርቅም ብሎ መዘጋቱን ባዶውን እያዩ ይፈትሹ ነበር።

ርዝመቱን የለኩት በአያታችን ክንድ ነው፤ የሰደፉ ጫፍ ክርናቸው እጥፋት ላይ አርፎ ጣታቸው ቃታው ጋ ሲደርስ ልክ ነው። በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው የተልባ ዘይት በየቀኑ ቀቡት። ከመቀባታቸው በፊት ወንድማችን፣ «ሸሁ፣ ጥቁር ቀለም ብናደርገውስ?» ሳይል አልቀረም። ሸሁ ሳቁና፣ «ልጄ፣ የእንጨት መልክ ለሰው ይነግረዋል፤ ይኸ የአዳኝ ነው ይለዋል። ለምን አፉን ትይዘዋለህ?» አሉት።

ጣውላው ረጅም ስለነበር ተረፈ። ሸሁ በትርፉ አንድ ሉሕ ሠርተው ዳሩን አለስልሰው፣ ሰባት ዓመት ለሞላት ለትንሿ እህታችን ላኩላት። አያታችን ለሁለቱም ሊከፍሉ ሲሉ፣ «የሰደፉን እቀበላለሁ፤ የሉሑን ግን አላህ ይከፍለኛል» ብለው እምቢ አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን አዲስ ሥርዓት ገባ። ጠመንጃዋ ከምሰሶው ወርዳ ቁልፍ ያለው ሣጥን ገባች፤ መዝጊያው ብረት ተፈትቶ ለብቻው፣ ጥይቱም ለብቻው በሌላ ቦታ ተቀመጠ። ቁልፉን የያዙት አያታችን ሳይሆኑ ሴት አያታችን ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ሲወጣና መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ ሲከለከል፣ አያታችን «ከእንግዲህ ቆቅ ለማደን እግሬም ዓይኔም አያገለግለኝም» ብለው ራሳቸው ወስደው ለሚመለከተው አካል አስረከቧት። ጎረቤቶቻችን ብዙ አወሩ፤ እርሳቸው ግን አልተከዙም።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ። ከዚያም በኋላ በ2015 ዓ.ም. በክልላችን ሌላ ግጭት ተከፈተ። በእነዚያ ዓመታት በየመንገዱ ስንት ጥቁር ሰደፍ እንዳየን አላህ ያውቃል። ያኔ ወንድማችን፣ «ጋሼ፣ ያቺ ጥቁር ጠመንጃ እጄ ላይ ብትኖር ዛሬ በሕይወት እኖር ነበር?» ብሎ ጠይቆናል። መልስ አልሰጠነውም፤ መልሱን እርሱ ከእኛ ይበልጥ ያውቀዋል። ዛሬ አናጢ ነው። ሸሁ ዘንድ ለቅጣት የተቀመጠባቸው አሥር ቀናት ሙያ ሆነውለታል። በርና መስኮት፣ አልጋና ሣጥን ይሠራል፤ የሉሕ ዋጋ ግን አይቀበልም።

አያታችን በ2014 ዓ.ም. ወደ አኼራ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። ከቀብራቸው አፈር ካለበሷቸው መካከል ያ ጎረቤታችን አንዱ ነበሩ።

ውድ ወላጆች! ልጃችሁ መሣሪያ ሲያምረው እንደ እኛ ስቃችሁ ገንዘብ አትስጡ፤ ተቆጥታችሁም አታባርሩት። ቁጭ አድርጋችሁ ምን እንደፈለገ ጠይቁት። ውድ ወጣቶች! ከሩቅ መፈራት ቀላል ነው፤ ከቅርብ መታወቅ ግን ዕድሜ ይፈልጋል። ወንድማችንን ያዳነው የሚያስፈራው መልኩ ሳይሆን የሚታወቀው ድምፁ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ ልጆቻችንንም ከቸልተኝነታችን ይጠብቅልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።